ከጥናት እስከ ርክክብ፦ የፕሮጀክት ሥራ አመራር መግቢያ ለሰበካ ጉባኤያትና ለወጣት ተማሪዎች

በሸዋ ሮቢት ዙሪያና በይፋት ቆላማ ቀበሌዎች የመጠጥ ውኃ፣ የመስኖና የትምህርት ቤት ጥያቄ ከሰበካ ጉባኤ ውይይት ተለይቶ አያውቅም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም በአካባቢው በደረሰው ግጭትና ጦርነት የጠፋውን የመተካት ሥራም በዚህ ላይ ተጨምሯል። ይህን ሁሉ በመልካም ፈቃድ ብቻ መወጣት አይቻልም። የሕዝብ አስተዳደር ተማሪዎች በኮሌጅ የሚማሩት የፕሮጀክት ሥራ አመራር ለሰበካም የሚጠቅም ዕውቀት ስለሆነ፣ ዋና ዋናውን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

፩. ፕሮጀክት ምንድን ነው?

ፕሮጀክት መነሻና መድረሻ ያለው፣ ወሰኑ የታወቀ፣ በተመደበለት ጊዜና ገንዘብ አንድ የተለየ ውጤት የሚያስገኝ ሥራ ነው። በዚህም ከዘወትር አገልግሎት ይለያል። ጉድጓድ ማስቆፈር ፕሮጀክት ነው፤ ከቦኖው በየዕለቱ ውኃ መቅዳት፣ ክፍያውን መሰብሰብና ፓምፑን መጠገን ግን አገልግሎት ነው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ኮሚቴ ለቁፋሮው ገንዘብ ሲያፈላልግ ይቆይና አገልግሎቱን የሚመራው ማን እንደሆነ ሳያስብ የምረቃው ቀን ይደርሳል።

ማንኛውም ፕሮጀክት በሦስት ገመዶች የታሰረ ነው፤ እነርሱም የሥራው ወሰን፣ ጊዜና ወጪ ናቸው። አንዱ ሲሳብ ሌሎቹ ይንቀሳቀሳሉ። በሁለት ቦኖ የተጀመረው ሥራ በስብሰባ መካከል ሦስት ቦኖ ይሁን ቢባል፣ ጊዜው ወይም ገንዘቡ መጨመር አለበት። ሁለቱም ካልተጨመሩ የሚጎዳው ጥራቱ ነው።

፪. የሕዝብ ሀብት ሲሆን ምን ይለያል?

በግል ገንዘቡ ቤት የሚሠራ ሰው ሐሳቡን በፈለገበት ቀን ሊለውጥ ይችላል። የሕዝብ ገንዘብ የያዘ ግን እያንዳንዱን ውሳኔ በቃለ ጉባኤ፣ እያንዳንዱን ወጪ በሕጋዊ ደረሰኝ ማስረዳት ይጠበቅበታል። በ1965 ዓ.ም የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ጉባኤ እንዲሠሩ ማድረጉ ለዚህ ዓይነቱ የጋራ ኃላፊነት መልካም መሠረት ነው።

በመንግሥት በኩልም በ2012 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶችን አስተዳደርና አመራር የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1210 ፕሮጀክቶች ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት በጥናትና በግምገማ እንዲያልፉ ይፈልጋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ የድርጅቶች አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። የሕጎቹ መንፈስ አንድ ነው፤ ለሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ ወደ ሕዝቡ ይድረስ።

የአመራር ድክመት ትልቁን ሥራ እንኳ እንደሚያዘገይ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ታሪክ ያስተምራል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም መሠረቱ የተጣለው ግድብ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ነው። ሕዝቡ ከመዋጮው አልተቆጠበም፤ ሆኖም በ2010 ዓ.ም መጨረሻ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው ከነበረው ተቋራጭ ተወስዶ ለሌሎች እስከ መስጠት ተደርሷል። ውልን በየጊዜው መከታተል ገንዘብ ከማሰባሰብ የማያንስ ሥራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

፫. የፕሮጀክት ደረጃዎች በነህምያ ሥራ ሲታዩ

ለካህናት አባቶች የቀረበው ምሳሌ የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደገና መሠራት ነው። ነህምያ ከንጉሡ የይለፍ ደብዳቤና የእንጨት ፈቃድ ያዘ፤ ይህ ሕጋዊ ፈቃድና በጀት ነው። ሕዝቡን ለሥራ ከመጥራቱ በፊት በሌሊት ዞሮ የፈረሰውን መረመረ፤ ይህ ጥናት ነው (ነህ. ምዕ. 2)። ለየወገኑ የቅጥሩን ክፍል አከፋፈለ፤ ይህ የሥራ ድልድል ነው (ምዕ. 3)። ሥራው በተፋፋመበት ወቅት የድሆችን አቤቱታ ሰምቶ ፍርድ ሰጠ (ምዕ. 5)። ሥራው በ52 ቀናት ሲፈጸም ደግሞ በረኞችንና ጠባቂዎችን ሾመ (6፥15፤ 7፥1-3)። ይህ የመጨረሻው ርክክብ ነው፤ ቅጥሩ ጠባቂ ባይኖረው ኖሮ ድካሙ ለጥቂት ጊዜ ብቻ በሆነ ነበር።

፬. የቆላውን የጊዜ ሰሌዳ ማወቅ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በይፋት ቆላ ይህ ክረምቱ የሚገባበት፣ ከጣርማበር ከፍታ የሚወርዱ ወንዞች የሚሞሉበትና ወደ ቀበሌዎች የሚወስደው መንገድ የሚከብድበት ወቅት ነው። የበልግ ዝናብ ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ለቁፋሮና ለግንባታ እምብዛም የማያሰጋው ጊዜ ከጥቅምት 1 እስከ ጥር 30 ያለው ነው።

ይህ 120 ቀን ነው። እሑዶችን፣ በየወሩ የ12፣ የ21 እና የ29 በዓላትን፣ እንዲሁም ጥምቀትንና ሌሎች ዓበይት በዓላትን ስንቀንስ ከ90 በታች ይቀራል። ቅዳሜም የማይሠራበት ከሆነ ወደ 70 ይጠጋል። ከዚህም ውስጥ የማሽላው አጨዳና ውቂያ የሕዝቡን ጉልበት የሚፈልግባቸው ሳምንታት አሉ። በመሆኑም ጨረታውና ውሉ በክረምቱ ወራት ተጠናቅቀው ተቋራጩ በጥቅምት መግባት አለበት። በጥር የወጣ ጨረታ ሥራውን ወደ ዝናብ ይገፋዋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብም በጀቱ ከሚዘጋበት ሰኔ 30 ጋር ይጋፈጣል።

የይፋት ሕዝብ በእምነትም በቋንቋም የተሰባጠረ ነው፤ አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ከአንድ ውኃ ይጠጣሉ። ስለዚህ የጉድጓዱ ቦታ ሲመረጥ፣ ተራ ሲወጣና ኮሚቴ ሲሰየም ሁሉም መወከል አለባቸው፤ የረመዳን ጾምና የጁምዓ ጸሎትም በሥራ ሰሌዳው ሊታሰቡ ይገባል። ሴቶች ውኃ ቀጂዎች ሆነው ሳለ ከኮሚቴው የሚቀሩ ከሆነ፣ ቦታውና ሰዓቱ ለተጠቃሚው የማይመች ሊሆን ይችላል።

፭. ርክክብ፦ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ምዕራፍ

ርክክብ ሁለት ጊዜ ይፈጸማል። ጊዜያዊው ርክክብ ሥራው እንዳለቀ፣ የመጨረሻው ደግሞ ጉድለት የሚታይበት የዋስትና ጊዜ ሲያልፍ ነው። በዚህ መካከል ከተቋራጩ ክፍያ የተያዘው ገንዘብ መለቀቅ የለበትም። በመስኖ በኩል የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ተጠቃሚዎች በማኅበር ተደራጅተው መስኖውን እንዲያስተዳድሩ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። በሽንኩርትና በማሾ ልማት ለሚተዳደር የቀወት ገበሬ፣ የላይኛው ተጠቃሚ ውኃውን ቢይዝበትና የታችኛው ማሳ ቢደርቅ የሚዳኝ ሕጋዊ አካል መኖሩ ከቦዩ ሲሚንቶ እኩል ያስፈልገዋል።

፮. የሒሳብ ልምምድ ለተማሪዎች

የሚከተሉት ቁጥሮች ለልምምድ ብቻ የቀረቡ ናቸው። አንድ ቦኖ 120 አባወራዎችን ያገለግላል። እያንዳንዱ በወር 30 ብር ይከፍላል፤ በዓመት 43,200 ብር ይሰበሰባል። የጥበቃው ደመወዝ በወር 2,000፣ በዓመት 24,000 ብር ነው። ቀሪው 19,200 ብር ነው። ፓምፑ ከ5 ዓመት በኋላ በ150,000 ብር የሚተካ ከሆነ በየዓመቱ 30,000 ብር መቀመጥ አለበት፤ ስለዚህ በየዓመቱ 10,800 ብር ይጎድላል።

ጉድለቱን ለመሸፈን ክፍያው 37 ብር ከ50 ሳንቲም መሆን አለበት። 20 አረጋውያንና ችግረኞች በነፃ ይቅዱ ከተባለ ደግሞ የቀሩት 100 አባወራዎች 45 ብር ይከፍላሉ። ይህ የምሕረት ሥራ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋጋው አስቀድሞ ተሰልቶ፣ ጉባኤው ተስማምቶበት ሊጸድቅ ይገባዋል። ሳይሰላ የተሰጠ ነፃ ውኃ ፓምፑ በቆመ ቀን እነዚያኑ ችግረኞች ወደ ወንዝ ይመልሳቸዋል።

፯. ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በሰበካችን የተሠራ አንድ የልማት ሥራ ምረጡ። ዛሬ ማን ይመራዋል? የርክክብ ሰነዱስ የት ይገኛል?
2. ለሚቀጥለው ሥራ በጥቅምት ለመጀመር፣ በሰኔና በሐምሌ ምን መጠናቀቅ አለበት?
3. ከሥራው የሚጠቀሙ ነገር ግን በኮሚቴው ያልተወከሉ እነማን ናቸው?
4. በአስተዳደር፣ በሒሳብ ወይም በምሕንድስና የሚማሩ ልጆቻችን ለዕረፍት ሲመጡ የፕሮጀክቱን መዝገብ እንዲያደራጁ ማን ይመደብላቸው?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ካጣ፣ አዲስ ፕሮጀክት ከመጠየቅ በፊት አሮጌውን ባለቤት እንዲያገኝ ማድረግ ይቀድማል። ሰበካ ጉባኤያት ይህን ትምህርት በቅርብ ስብሰባቸው ከወረዳው የውኃና የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ጋር እንዲወያዩበት እናሳስባለን።