አንድ ገንዘብ፣ ብዙ ጉዳይ፦ የቤት ቁጠባን በስልክና በኮምፒዩተር መያዝ

በየቤታችን ገንዘብ የሚቀመጥበት ዘዴ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ለልጅ ትምህርት የያዘውን በጨርቅ ቋጥሮ ከሳጥን ሥር ያኖራል፤ ሌላው ለሕመም ያለውን ለታመነ ጎረቤት አደራ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ለየብቻ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ጥሩም ልማድ ነው። ነገር ግን ቋጠሮ ይሰረቃል፣ ይቃጠላል። ኤምፔሳ በኬንያ ከተጀመረበት ከ2007 ወዲህ (ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) የብዙ ሰው ገንዘብ ከቋጠሮ ወጥቶ ወደ ስልክ ገብቷል። ስልኩ ግን «6,000 ሽልንግ አለ» ከማለት በቀር የቱ የትምህርት፣ የቱ የመድኃኒት እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ሰው ለጫማ ብሎ የመድኃኒቱን ያወጣል፤ ማውጣቱን የሚያውቀውም ልጅ የታመመ ለት ነው።

የማታ ሂሳብ የምናስተምር መምህራን በዚህ እትም ልናሳይ የምንፈልገው ገንዘቡን በየቦታው መበተን ሳያስፈልግ በጽሑፍ ብቻ መለየት እንደሚቻል ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት ኤክሴልና ጉግል ሺትስ የሚባሉት የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ሲሆኑ ሁለቱም በስልክ ይሠራሉ። በኮምፒዩተር ለሚማሩ ሊብሬኦፊስ ያለ ክፍያ ይገኛል። ጉድበጀት እንደሚባለው ያሉ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተዘጋጁ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ገንዘብን በፖስታ ከፋፍሎ እንደ ማስቀመጥ ያለ አሠራር አላቸው። በየወሩ በዶላር የሚከፈልባቸውን ግን አንመክርም፤ ለመቆጠብ ብሎ ገንዘብ ማውጣት ለእኛ አይሆንም። ስልክ የሌለው ሰው ደብተር አስምሮ ይኸንኑ ሊሠራ ይችላል። ፕሮግራሙ የሚበልጠው ድምሩን ሳይሳሳት ስለሚያወጣ ነው።

ለምሳሌ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት እንውሰድ። ከእንጀራው በወር 5,200 ሽልንግ ይተርፋቸዋል፤ በአስተርጓሚነት የሚሠራው ልጃቸው 4,800 ይሰጣቸዋል። ጠቅላላው 10,000 ሽልንግ ነው። ለምግብ ማሟያ፣ ለከሰል፣ ለሳሙናና ለስልክ ካርድ 6,500 ይወጣል። የቀረውን 3,500 እንዲህ መደቡት፦ ለእቁብ 1,500፣ ለትምህርት 800፣ ለሕክምና 500፣ ለእንጀራው ሥራ 400፣ ለበዓል 300።

እዚህ ላይ ስለ ዕርዳታው አንድ ነገር እናንሳ። ባምባ ቻኩላ በ2015 ሲጀመር ከምግብ በቀር ለሌላ እንዳይውል ሆኖ የተዘጋጀ ነበር። በ2025 ደግሞ የምግብ ዕርዳታው መቀነሱን ሁላችንም አይተናል። በመሆኑም የዕርዳታውን ገንዘብ ቋሚ ገቢ አድርጎ ቁጠባ ማቀድ አይገባም። ሲመጣ የምግቡን ወጪ ያቃልላል፤ የተረፈውን በዚያው ወር መደልደል ነው።

ሠንጠረዡ ሲሠራ በስተግራ ቀን ይጻፋል፤ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ዓምድ፣ በመጨረሻም ለማስታወሻ የሚሆን ዓምድ ይደረጋል። ገንዘብ ሲገባ ቁጥሩ እንዲሁ፣ ሲወጣ የመቀነስ ምልክት ቀድሞት ይጻፋል። ከየዓምዱ ሥር የድምሩን ምልክት ሲጫኑ ፕሮግራሙ ራሱ ይደምራል። የትምህርቱ 800 በግምት የተቆረጠ አይደለም። ሴት ልጃቸው በጃንዋሪ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ለልብስ፣ ለጫማና ለሳጥን 7,200 ያስፈልጋታል፤ ከኤፕሪል እስከ ዲሴምበር ያለው 9 ወር ስለሆነ 7,200 ለ9 ሲካፈል 800 ይመጣል። ቀን ያለው ጉዳይ ሁሉ እንዲህ ይሰላል። ሕመም ግን ቀን የለውም፤ ስለዚህ የተቻለውን ያህል በየወሩ መጨመር ብቻ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ከእቁብ በቀር ያሉት አራቱ ዓምዶች ሲደመሩ 6,000 ይሆናሉ። ስልኩም 6,000 ማለት አለበት። 5,940 ካለ 60 ሽልንግ የት እንደገባ መፈለግ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ሲወጣ የተቆረጠ የአገልግሎት ክፍያ ሆኖ ይገኛል። ይህን ማመሳከር በየሳምንቱ የሚያደርግ ሰው ሂሳቡ አይጠፋበትም። በሦስት ወር አንዴ የሚያደርግ ግን ምን እንደገዛ እንኳ አያስታውስም።

አሁን ወደ እቁቡ እንምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የእቁቡ አባላት 12 ናቸው፤ እያንዳንዱ በወር 1,500 ይጥላል፤ እጣ የወጣለት 18,000 ያነሳል። እኚህ እናት እጣው በአራተኛው ወር ወጣላቸው እንበል። በዚያን ቀን አራቱ ዓምዶች 8,000 ደርሰዋል፤ 18,000 ሲጨመር ስልኩ 26,000 ያሳያል። ቤቱ በሙሉ ይደሰታል፤ ዘመድም ይሰማል። ይሁን እንጂ እናትየዋ እስከዚያ ቀን የጣሉት አራት ጊዜ 1,500፣ ማለትም 6,000 ብቻ ነው። የቀረው 12,000 የሌሎች አባላት ገንዘብ ነው፤ በሚመጡት ስምንት ወራት ይመለሳል። ዋስ የሆነላቸው ጎረቤትም የሚጠየቀው ለዚሁ ነው።

ይህ በሠንጠረዡ እንዴት ይታያል? የእቁቡ ዓምድ በየወሩ 1,500 እየተጨመረበት 6,000 ይደርሳል። እጣው የወጣ ቀን 18,000 ይቀነስበታል፤ ዓምዱም ከዜሮ በታች 12,000 ይሆናል። ያው 18,000 ለሌሎቹ ዓምዶች ይከፋፈላል። ከዚያ በኋላ በየወሩ 1,500 ሲጣል ዕዳው እየቀነሰ ሄዶ በ12ኛው ወር ዜሮ ይሆናል። ስልኩን ስናመሳክር የእቁቡን ዓምድ እንተወዋለን፤ የራሳችን ሀብት ስንት እንደሆነ ለማወቅ ግን እንጨምረዋለን። 26,000 ሲቀነስ 12,000፣ 14,000 ነው። የእናትየዋ ገንዘብ ይህ ብቻ ነው።

እጣው ሲወጣ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ በዓምድ መጻፍ አለበት። በእኛ አስተያየት ዕዳ የሆነው 12,000 ለሁለተኛ ምጣድና ለዱቄት ቢውል ነውር የለውም፤ የሚቀጥለውን 1,500 ራሱ ሊያመጣ ይችላልና። ለበዓል በግና ልብስ ከዋለ ግን ስምንቱ ወር የሚከፈለው ከልጆች አፍ ተቀንሶ ነው።

በአምስተኛው ወር ልጅ ታሞ ወደ ሎድዋር መውሰድ ቢያስፈልግና ወጪው 3,000 ቢሆን፣ የሕክምናው ዓምድ ያለው 2,500 ነው። 500 ከበዓሉ ዓምድ ይወሰዳል፤ ከበዓሉ 500 ተቀንሶ ወደ ሕክምናው 500 ይጨመራል፤ በማስታወሻው «ለሕክምና የተበደረ» ተብሎ ይጻፋል። መበደሩ ክፉ አይደለም። ሳይጻፍ ከቀረ ግን በዓሉ ሲደርስ ባልና ሚስት ይጣላሉ። ጉግል ሺትስን ሁለቱም በየስልካቸው ሊያዩት ስለሚችሉ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። የኤምፔሳን የምስጢር ቁጥር ግን በሠንጠረዡ ውስጥ ከቶ እንዳትጽፉ፤ ስልኩንም በመክፈቻ ቁጥር ቆልፉት።

መልመጃ፦ የአንድ እቁብ አባላት 10 ናቸው፤ በወር 800 ሽልንግ ይጣላል። አንድ አባል እጣው በ7ኛው ወር ወጣለት። ካነሳው ገንዘብ ስንቱ የራሱ፣ ስንቱ ዕዳ ነው? በደብተራችሁ ከሠራችሁ በኋላ አመሳክሩ፦ ያነሳው 8,000፣ የራሱ 5,600፣ ዕዳው 2,400 ሽልንግ ነው።