የድሮ መልክ ያለው የቤዝቦል ካርድ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ለልጄ ልደት የ2021 ቶፕስ ሄሪቴጅ ካርድ አንድ ሳጥን ተሰጠው። ይከፈት ወይስ እንደታሸገ ይቀመጥ? ዋጋ ያለውንስ በምን እንለየው?

መልስ፦ ይክፈቱት እንጂ፤ የልጅ ስጦታ አይደል! ሄሪቴጅ የተባለው የካርድ አምራቹ የቶፕስ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2001 በኩባንያው የ1952 ካርድ መልክ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ዓመት ወደፊት እየተራመደ የዛሬ ተጫዋቾችን በድሮው ንድፍ ያወጣል። የእርስዎ ሳጥን የ1972ቱን ይዟል።

መጀመሪያ የካርዶቹን ጀርባ ያዙሩ። ከ401 እስከ 500 ያሉት ቁጥሮች በጥቂቱ ስለሚታተሙ ለብቻቸው ያስቀምጧቸው፤ ሙሉውን ስብስብ ማሟላት የሚፈልግን ሰው ላብ የሚያስወጡት እነሱ ናቸው። ከታች በደቃቁ የተጻፈውንም ኮድ ይዩ። መጨረሻው ከሌሎቹ ከተለየ ካርዱ ፎቶው ወይም ቀለሙ የተቀየረ ብርቅ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የማሊያ ቁራጭ የተለጠፈበት ካርድ ቢወጣ ብዙ አይደሰቱ፤ የታዋቂ ተጫዋች ካልሆነ ርካሽ ነው። ፊርማ ይሻላል። ጥሩ የሚመስለውን ማዕዘኑ ሳይጎዳ ወዲያው ፕላስቲክ ውስጥ ይክተቱት።

ዋጋውን ኢቤይ ላይ ሲያዩ ሻጩ የጠየቀውን ሳይሆን በትክክል የተሸጠበትን ይመልከቱ። አብዛኛው ሳጥን የተገዛበትን አይመልስም፤ ለትርፍ ብለው ሁለተኛ እንዳይገዙ።