ብራውዘር አልከፍት ሲል ጥፋተኛው ማን ነው?

በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ከሮቢ ወንዝ ውሃ ጠልፎ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ማሳው ውሃ ሲያጣ ወዲያው ወንዙን አይወቅስም። ቦዩን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውሃውን ወደ ሌላ አቅጣጫ የመለሰ ሰው እንዳለ ይመረምራል። እኛ ግን ብራውዘራችን ድረ ገጽ አልከፍት ሲለን «ኔትወርክ የለም» ብለን እንፈርዳለን።

በእርግጥ ይህ ፍርድ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በአብዛኛው የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ይሁን እንጂ እክሉ በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ ሌላ ፕሮግራም የመጣ ከሆነ መጠበቅ አይፈታውም። ኮምፒውተሩን ፎርማት ማስደረግ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍን ጭምር ሊያጠፋ ይችላል።

እክሉ እንዴት ይፈጠራል?

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ተገድበው በነበረበት ጊዜ ብዙ ተጠቃሚዎች ቪፒኤንና መሰል ፕሮግራሞችን ጭነዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የዊንዶውስን የፕሮክሲ ቅንብር ይለውጣሉ። ያን ጊዜ ብራውዘሩ ጥያቄውን በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት መላኩን ትቶ 127.0.0.1 ወደተባለው አድራሻ ይልካል። ይህም ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው፤ ፕሮግራሙ ጥያቄውን በዚያ ተቀብሎ ያሻግራል። በሥርዓት ሲዘጋም ቅንብሩን ወደነበረበት ይመልሳል። መብራት በድንገት ከጠፋ ግን ቅንብሩ እንደተለወጠ ሊቀር ይችላል። በማግስቱ ብራውዘሩ ተቀባይ የሌለበትን በር ያንኳኳል።

እንዴት እንመርምር?

1. በኮማንድ ፕሮምፕት ወደ 8.8.8.8 ፒንግ እናድርግ። ፒንግ በፕሮክሲ በኩል አያልፍም። ስለዚህ መልስ ከመጣ መስመሩ ደኅና ነው፤ እክሉን በኮምፒውተሩ ውስጥ እንፈልግ።

2. ክሮምና ኤጅ የዊንዶውስን የፕሮክሲ ቅንብር ይከተላሉ፤ ፋየርፎክስ ግን የራሱ ቅንብር ሊሰጠው ይችላል። ፋየርፎክስን ያለ ፕሮክሲ እንዲሠራ አድርገን ድረ ገጹ ከተከፈተ ጥፋተኛው ተገኝቷል። በዊንዶውስ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ ፕሮክሲውን እንዝጋ።

3. ብራውዘሩ ስለ ሰርተፍኬት የሚያስጠነቅቅ ከሆነ አስቀድመን የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት እናስተካክል። ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ የሰርተፍኬቱን ሰጪ ስም እንመልከት። አንዳንድ አንቲቫይረሶች የተመሰጠረውን መልእክት ለመፈተሽ በድረ ገጹ ሰርተፍኬት ምትክ የራሳቸውን ያቀርባሉ። የአንቲቫይረሱ ስም ከታየ ይህን የድረ ገጽ ፍተሻ ብቻ ለጊዜው አጥፍተን እንሞክር፤ ከሙከራው በኋላም መልሰን እናብራው። የማናውቀው ስም ከሆነ ግን የይለፍ ቃል ከመጻፍ እንቆጠብ።

በሁሉም ደረጃ አንድ ሕግ እንጠብቅ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ሁለት ነገር በአንድነት ለውጠን ብራውዘሩ ቢሠራ መፍትሔው የትኛው እንደነበር አናውቅም፤ እክሉ ሲመለስም ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ይህ በቤተ ሙከራ የምንማረው ደንብ በቤታችን ኮምፒውተርም ላይ ይሠራል።