ስለ ሰንሰለታማ መኪናዎች መለዋወጫ ጥንካሬና ልባስ

በመርካቶ በሶማሌ ተራ ሱቆች ደጃፍ ለዶዘር ሰንሰለት ፒንና ቡሽ የሚፈልግ ገዢ ብዙውን ጊዜ ዕቃውን አንሥቶ ወደ ብርሃን ያዞረዋል፤ የሚያብረቀርቀውንም ይመርጣል። ነገር ግን ማብረቅረቅና መጠንከር የተለያዩ ነገሮች ናቸውና አስመጪውም ቸርቻሪውም ልዩነቱን አጥርቶ ማወቅ ይገባዋል።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ዶዘር ለአገራችን መንገድ ሥራ የታወቀ መሣሪያ ሆኗል። የመኪናው እግር፣ ማለት ሰንሰለቱ፣ ሮለሩና ጥርሳሙ ስፕሮኬት፣ ከጥገናው ወጪ እስከ ግማሽ ሊወስድ ይችላል። ምክንያቱም በአሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ጥንካሬው በቪከርስ መለኪያ 1,000 ገደማ ሲሆን፣ በእሳት የጠነከረው ብረት ግን ብዙ ጊዜ ከ600 እስከ 700 ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ መረሬም ገራም ቢመስል፣ በክረምት በስፕሮኬቱ ጥርሶች መካከል ተጠቅጥቆ ሰንሰለቱን ከልክ በላይ ይወጥረዋል።

ስለዚህ ሠሪዎቹ የፒኑንና የቡሹን ገጽ ካርቦን በማስረግ ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል አግለው በማቀዝቀዝ ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያጠነክሩታል፤ እምብርቱ ግን ድንጋጤን እንዲችል ለስለስ ይላል። የክሮም ልባስ በአንጻሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.02 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ተገቢ ቦታው ከዝገት የሚጠበቀውና በጎማ ማኅተም ውስጥ የሚመላለሰው የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ዘንግ ነው። በለስላሳ ብረት ላይ ተለብጦ ከባድ ጭነት ሲያርፍበት ግን እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው ዕቃ ለጊዜው በርካሽ ይሸጣል፤ ተቋራጩ በሥራው መካከል መኪናው ሲቆምበት ግን የሚመጣው ወደ ሸጠለት ሱቅ ነው።

በጠንካራ ኤሌክትሮድ የሚደረገው ብየዳ ለሰንሰለቱ ጫማ ጥርስና ለአካፋው ጠርዝ መልካም ነው። ብረቱ አስቀድሞ ካልሞቀና ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ግን ይሰነጠቃል። ሮለርን ከሰንሰለቱ አብልጦ ማጠንከርም ትርፍ አይደለም፤ ሮለሩ ድኖ ሰንሰለቱ ይበላልና።

ለቸርቻሪው የሚበቃ ፈተና አለ። አዲስ ሞረድ በዕቃው ገጽ ላይ ሲሳብ ከነከሰ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ከተንሸራተተ ገጹ ጠንካራ ነው። ጥልቀቱን ግን ሞረድ አይናገርም። ስለሆነም ብዛት ያለው ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ከጭነቱ አንዱን ፒን መሥዋዕት አድርጎ፣ በውኃ እያቀዘቀዘ ቢያስቆርጠውና ቁራጩን አስለስሎ በቀጭን የናይትሪክ አሲድ ቢያስነካው፣ የጠነከረው ክፍል በቀለም ተለይቶ እንደ ቀለበት ይታያል። ይህ በባለሙያ እጅ የሚደረግ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ፕሮፎርማው ሲጠየቅ የብረቱ ዓይነት፣ የገጹ ጥንካሬ በሮክዌል ሲ፣ የጥንካሬው ጥልቀት በሚሊሜትር፣ ልባስም ካለው ስሙና ውፍረቱ በጽሑፍ እንዲገለጽ ያስፈልጋል። እነዚህን ለመጻፍ የሚያመነታ ላኪ ቢገኝ፣ ባንክ ከመኬዱ በፊት ሌላ መፈለግ ይሻላል።