ከኢፍጧር ገበታ እስከ ሙዚየም፦ የተልባ ልብስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በረመዳን ኢፍጧር ላይ የምንጠጣውን ተልባ የጎጃም ደጋ ገበሬ የሚዘራው ለፍሬው ነው፤ አገዳው ይጣላል። የጥንት ግብፆች በአብዛኛው የሚፈልጉት ግን ያንኑ የምንጥለውን አገዳ ነበር። አያጭዱትም፤ ከነሥሩ ይነቅሉታል፣ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ ቀጥቅጠው ቃጫውን ይለያሉ፣ ይፈትሉታል። ገና አረንጓዴ ሳለ ከተነቀለ ክሩ ቀጭንና ለስላሳ ይሆናል፤ ፍሬው እስኪደርቅ ከቆየ ግን ይሻክራል። አማርኛችንም ጨርቁን «የተልባ እግር» ማለቱ ያለ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1913 ታርኻን በተባለ የግብፅ መቃብር ስፍራ የተገኘ የጨርቅ ክምር ለንደን ገባ። በ1977 ሊጸዳ ሲፈታ መሐሉ አንድ ቀሚስ ተገኘ፤ ዕድሜው ከ5,000 ዓመት በላይ ነው። ክርኑና ብብቱ ላይ የመጨማደድ ምልክት ስላለ ሰው በሕይወት ሳለ ለብሶታል።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን የእስልምናው ዘመን ነው። በዐባሲያና በፋጢሚያ ዘመን እንደ ቲኒስና ዲምያጥ ባሉ የግብፅ ከተሞች «ጢራዝ» የሚባል የተልባ ልብስ ይሠራ ነበር። ጠርዙ ላይ ቢስሚላህ፣ የኸሊፋው ስም፣ አንዳንዴም የተሠራበት ከተማና የሂጅራ ዓመት ይጻፋል። ዛሬ በካይሮ የእስልምና ጥበብ ሙዚየምና በሌሎችም የሚታዩት ቁርጥራጮች በብዛት የተረፉት ሙታን ስለተከፈኑባቸውና አሸዋው ደረቅ ስለሆነ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተከፈኑት በሦስት ነጭ የየመን የጥጥ ጨርቆች ነበር፤ አቡበክር (ረ.ዐ) ደግሞ የለበሱት አሮጌ ልብስ ታጥቦ ለከፈናቸው እንዲሆን ማዘዛቸውን እናውቃለን። ጢራዝ ለብሶ መቀበር ከዚህ ቁጥብነት የራቀ ይመስለናል፤ ይሁንና ታሪኩን ያቆየልን እሱ ነው።

በጢራዙ ላይ የኸሊፋው ስም ሲነበብ የሸማኔው ስም አብዛኛውን ጊዜ የለም። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹም ቂብጦች ነበሩ።

የኛም አገር ነገር ከዚህ አይርቅም። ሙስሊሙ በአብዛኛው የመሬት ርስት ስለተከለከለ ኑሮው ንግድና ሽመና ነበር። የሠሩትን ጋቢና ኩታ ሁሉም ለበሰው፤ «ሸማኔ» የሚለው ቃል ግን መናቂያ ሆነ። ዝናባማ በሆነው ደጋችን አፈር የገባ ጨርቅ ይበሰብሳል፤ የተረፈ ካለ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ቤት የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች፣ አሮጌ ጋቢ ካገኛችሁ ማን ፈተለው፣ ማን ሸመነው ብላችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ስማቸውን ጽፋችሁ ብታመጡልን ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።