ከውድድሩ ሜዳ በስተጀርባ፦ የጋለ ፈረስ እንዴት ይቀዘቅዛል?

በዓለም አቀፍ የፈረስ ግልቢያ ውድድር ላይ ተመልካች የሚያየው ፈረሱ መሰናክል ሲዘልና ሰዓት ሲቆጠርበት ነው። ፈረሱ የመጨረሻውን መስመር እንዳለፈ ካሜራው ወደ ቀጣዩ ተወዳዳሪ ይዞራል። በዚያው ቅጽበት ግን ከአጥሩ ጀርባ ሌላ ሥራ ይጀመራል። አንዱ ልጓሙን ይይዛል፤ ሌላው ኮርቻውን ያወርዳል፤ የቀሩት በረዶ የተጨመረበት ውኃ በባልዲ እየቀዱ በአንገቱ፣ በደረቱና በታፋው ላይ ያፈስሳሉ። የእንስሳት ሐኪሙም የልብ ምቱን ይቆጥራል፤ ቴርሞሜትር በፊንጢጣው አስገብቶ የአካል ሙቀቱን ይለካል። በአገራችን የፈረስ ቤት ኃላፊ ባልደራስ ይባል ነበርና፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ የፈረሶቹን ተንከባካቢዎች በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለምን አስፈለገ? ጉዳዩን በቀላል ስሌት እንመልከተው። ጡንቻ ሲሠራ ከሚጠቀምበት ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው አንድ አምስተኛው ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው ሙቀት ይሆናል። 500 ኪሎግራም የሚመዝን ፈረስ በአገር አቋራጩ ግልቢያ (ክሮስ ካንትሪ) በደቂቃ 40 ሊትር ኦክሲጅን ይጠቀማል እንበል። እያንዳንዱ ሊትር ኦክሲጅን ምግብን ለማቃጠል ሲውል 20 ኪሎጁል ያህል ኃይል ስለሚለቀቅ፣ በደቂቃ 800 ኪሎጁል ይገኛል፤ ከዚህ ውስጥ 640ው ሙቀት ነው። የአንድ ኪሎግራም አካልን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ለመጨመር 3.5 ኪሎጁል ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ መላውን ፈረስ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1750 ኪሎጁል ይበቃል ማለት ነው። ሙቀቱ መውጫ ባይኖረው ኖሮ ፈረሱ ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ ዲግሪ ይጨምር ነበር። ግልቢያው ሲጀመር 38 ዲግሪ ሴልሺየስ የነበረው ሙቀት በ8 ደቂቃ ውስጥ ወደ 41 ይጠጋል። በእርግጥም ከዚህ ግልቢያ የሚመለሱ ፈረሶች 40 ወይም 41 ዲግሪ ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ከዚያ አልፎ 42 ደርሶ ቶሎ ካልወረደ ግን አንጎል፣ ኩላሊትና አንጀት ይጎዳሉ፤ ፈረሱ ይንገዳገዳል፤ ሊሞትም ይችላል።

የፈረስ ችግር ግዙፍነቱ ነው። 70 ኪሎግራም የሚመዝን ሰው የቆዳ ስፋቱ 1.8 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ የፈረሱ ደግሞ 5 ካሬ ሜትር ገደማ። ክብደቱ ከሰው ሰባት እጥፍ ሲሆን ሙቀት የሚያስወጣበት ቆዳ ግን ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም።

ተፈጥሮ ለዚህ የሰጠችው መፍትሔ ላብ ነው። ፈረስ በከባድ ሥራና በሞቃት አየር በሰዓት ከ10 እስከ 15 ሊትር ሊያልበው ይችላል። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2400 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ይህም መላውን ፈረስ ከአንድ ዲግሪ በላይ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ነው። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ያየ አንባቢ ጠፍሩ አንገቱን በሚፈትግበት ቦታ ነጭ አረፋ መታየቱን ያስታውሳል። አረፋው የሚመጣው በፈረስ ላብ ውስጥ ካለ ላተሪን ከተባለ ፕሮቲን ነው። ላተሪን እንደ ሳሙና የውኃን የገጽታ ውጥረት ስለሚቀንስ፣ ላቡ በቅባታማው ጠጉር ላይ እንደ ጠብታ ከመንከባለል ይልቅ ተዘርግቶ በሰፊው እንዲተን ያደርጋል።

ነገር ግን ላብ የሚያቀዝቅዘው ሲተን ነው። አየሩ አስቀድሞ በርጥበት ከተሞላ ላቡ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ ፈረሱም ውኃውን ያጣል እንጂ ሙቀቱን አያጣም።

ይህ ጉዳይ ዓለም አቀፍ መነጋገሪያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ ነው። በነገራችን ላይ፣ በዚያ ከተማ የፈረስ ውድድር መካሄዱ ራሱ አጠራጣሪ ሆኖ ነበር። ከናሚቢያ ከመጡ የሜዳ አህዮች ጋር የገባው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1990 በስፔን ፈረሶችን ሲገድል ቆይቷልና። ይህ በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ በአገራችንም የሚገኝ ሲሆን፣ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያሉ ፈረሶች በቀላሉ ወደ ውጭ ውድድር የማይጓዙበት አንዱ ምክንያት ነው። በባርሴሎና በሽታው ባይከሰትም ሙቀቱ ግን ጸና። ኢቨንቲንግ በተባለው ባለ ሦስት ፈተና ውድድር የጽናት ቀን ብዙ ፈረሶች እጅግ ተዳክመው ታዩ። ቀጣዩ ኦሎምፒክ ደግሞ ሙቀትና ርጥበት በአንድነት በሚገኙባት በአትላንታ፣ ያውም በበጋዋ እምብርት በሐምሌ የሚካሄድ ነበር።

ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ወደ ሳይንስ ፊቱን ያዞረው በዚህ ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር ዴቪድ ማርሊንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ሙቀቱና ርጥበቱ በሚስተካከል ክፍል ውስጥ ፈረሶችን በመሮጫ ማሽን ላይ እያስሮጡ አጠኑ። በአሜሪካም ተመሳሳይ ጥናቶች ተደረጉ። ከጥናቱ ጥያቄዎች አንዱ በባልደራሶች ዘንድ እንደ ሕግ የተያዘ እምነት ነበር፤ ይኸውም በጋለ ጡንቻ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከፈሰሰ ጡንቻው ይኮማተራል፣ የቆዳው ደም ሥሮችም ጠብበው ሙቀቱን በውስጥ ያፍኑታል የሚል ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል። ፈረሶቹ ሲለኩ ግን የተፈራው ጉዳት አልታየም። አካሉ እጅግ በጋለ ጊዜ ከውስጥ የሚመጣው «ደም ሥሮችን ክፈት» የሚል ትእዛዝ ከቆዳው ቅዝቃዜ ይበረታል፤ ደሙም ወደ ቆዳ መፍሰሱን ይቀጥላል። በእኛ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ሁሉ ለተማሪ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው፤ ለብዙ ዘመን ፈረሶችን ለአደጋ ያጋለጠው ምክር የተሰጠው ለፈረሱ በማሰብ ነበርና።

የባልዲውን ሥራም እናስላው። 10 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውኃ በቆዳው ላይ ፈስሶ 30 ዲግሪ እስኪሆን ድረስ ቢሞቅ 84 ኪሎጁል ይወስዳል። ስለዚህ ፈረሱን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ቢያንስ 21 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ባልዲ ያህል ያስፈልጋል። አብዛኛው ውኃ በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚወርድ በተግባር የሚፈሰው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ከትነት ጋር ሲነጻጸር ውኃ አባካኝ ዘዴ ነው፤ ሆኖም የአየሩ ርጥበት አያግደውም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት አምስት የማቀዝቀዣ ዘዴዎችን አወዳድረው፣ ከሁሉ የፈጠነው ፈረሱን ሳያቋርጡ በቧንቧ ውኃ ማጠብ መሆኑን አግኝተዋል።

በአትላንታ እ.ኤ.አ. በ1996 የውድድሩ ርቀት አጠረ፤ ተጨማሪ የዕረፍት ጊዜ ተሰጠ፤ የውኃ ጉም የሚነፉ ትላልቅ ማራገቢያዎች ተተከሉ፤ በረዶና ውኃ በገፍ ቀረበ። ውድድሩም የተፈራው ጥፋት ሳይደርስ ተጠናቀቀ። የአየሩን ሁኔታ ለመመዘን ዛሬም የሚያገለግለው መለኪያ የሦስት ቴርሞሜትሮችን ንባብ ያጣምራል፤ በርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለው 70 በመቶ፣ ፀሐይ ላይ በጥቁር ሉል ውስጥ ያለው 20 በመቶ፣ የተለመደው ቴርሞሜትር ደግሞ 10 በመቶ ድርሻ አላቸው። የርጥቡ ድርሻ መብዛቱ እስከ አሁን ያልነውን ሁሉ በአንድ ቁጥር ይናገራል። ንባቡ ከ28 ካለፈ ጥንቃቄው ይጠብቃል፤ ከ33 በላይ ከሆነ ለፈረሱ ደኅንነት ሲባል መወዳደሩ አይመከርም።

ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላ ችግር ይመጣል። የሰው ላብ ከደሙ ይልቅ ጨው የጎደለው ስለሆነ፣ ሰው ሲያልበው የደሙ ጨው ይወፍርና ጥማት ይሰማዋል። የፈረስ ላብ ግን እንደ ደሙ ጨዋማ ነው፤ 10 ሊትር ላብ 100 ግራም ያህል ጨው ይዞ ይወጣል። ውኃና ጨው አብረው ስለሚወጡ የደሙ ውፍረት ብዙም አይለወጥም፤ አንጎሉም የጥማት ምልክት አያገኝም። ብዙ ውኃ ያጣ ፈረስ ባልዲውን አሽትቶ ፊቱን ቢያዞር ጠግቧል ማለት አይደለም። ስለዚህ ባልደራሶቹ መጀመሪያ ጥቂት ጨው ያለበት ውኃ ያቀርቡለታል፤ ጥማቱ ሲቀሰቀስ ንጹሑን ይጠጣል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ይህ ዕውቀት ሁሉ በሥራ ላይ ዋለ። የመጀመሪያዎቹ 36 ፈረሶች ሐምሌ 14 ቀን ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ፣ ከጉዞው በፊት የ60 ቀን የጤና ክትትልና የሰባት ቀን የለይቶ ማቆያ ጊዜ አሳልፈው ነበር። (በ1956 የሜልቦርን ኦሎምፒክ፣ ማለትም ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት፣ የአውስትራሊያ የለይቶ ማቆያ ሕግ ስለማያስገባ የፈረስ ውድድሩ ስቶክሆልም ላይ መደረጉን ልብ ይሏል።) በአውሮፕላን ውስጥ ትልቁ ሥጋት የሳንባ ምች ነው። ፈረስ ከመተንፈሻ ቧንቧው አክታና አቧራ የሚያጸዳው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ በመሆኑ፣ ባልደራሶች በረጅሙ ጉዞ ራሱን እንዲያወርድ ዕድል ሊሰጡት ይጥራሉ።

በቶኪዮ ጋጣዎቹ አየር ማቀዝቀዣ ነበራቸው፤ የሜዳ ውስጥ ውድድሮቹ ወደ ምሽት ተዛወሩ፤ አገር አቋራጩ ነሐሴ 1 ቀን ማለዳ ተጀመረ። ሙቀቱን መቋቋም ቢቻልም አደጋ ግን አልቀረም፤ ጄት ሴት የተባለው የስዊዘርላንድ ፈረስ በግልቢያው መጨረሻ ላይ የእግሩ ጅማት ተበጥሶ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ተደርጓል።

የቀሩት ፈረሶች ባልደራሶች በዚያ ሌሊት ብዙ አይተኙም። እግሮቹን በበረዶ ያቀዘቅዛሉ፤ እብጠት እንዳለ በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ የአካል ሙቀቱን ደጋግመው ይለካሉ፤ ምን ያህል እንደጠጣና እንደበላ ይመዘግባሉ። በማግስቱ ከዝላዩ ፈተና በፊት ፈረሱ ያለ ኮርቻ በዳኞችና በእንስሳት ሐኪም ፊት በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ እንዲሮጥ ይደረጋል። ጥቂት ያነከሰ ወይም እርምጃው የተዛባ ከሆነ፣ ባለፉት ቀናት ያገኘው ነጥብ ምንም ያህል ቢሆን፣ ወደ ሜዳው አይመለስም።