ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የመንግሥት አገልጋይ ተግባር

ለመንደር መምህራንና ለሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

ከአዳማ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፥ በአዋሽ ወንዝ ዳር፥ የሶደሬ ፍልውሃ ይገኛል። ከምድር ሆድ ፈልቶ የሚወጣውን ይህን ውሃ ብዙ ሕመምተኛ ፈውስ አገኝበታለሁ ብሎ ይመጣበታል። ነገር ግን ውሃው ከምንጩ እንደ ወጣ ወዲያው ሰው አይነከርበትም። በቦይ ይመራል፥ በገንዳ ይጠራቀማል፥ ይበርዳል፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌውም ሕፃኑም ይታጠቡበታል። በአጠገቡ የሚፈሰው አዋሽ ደግሞ አዞ ያለበት ነውና፥ ገላውን ሊታጠብ የመጣ ሰው የትኛው ውሃ ለሰው እንደ ተዘጋጀ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። እንግዲህ ኀይል ያለው ነገር ሁሉ ከመጥቀሙ በፊት ቦይና ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ከዚህ እንማራለን።

ዛሬ በዓለም ሁሉ ስሙ የሚጠራ አንድ አዲስ ኀይል ተነሥቷል፤ እርሱም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል። የዚህ ትምህርት ዐላማ የመሣሪያውን አሠራር በዝርዝር ማስተማር አይደለም። መሣሪያው በሕዝብ ኑሮ ላይ የሚያመጣውን የሚመረምሩ፥ ጉዳቱንም አስቀድመው የሚከለክሉ የመንግሥት ሠራተኞች ተግባራቸው ምን እንደ ሆነ፥ የመንደር መምህርና ሽማግሌም በዚህ ሥራ ምን ድርሻ እንዳላቸው ማስረዳት ነው።

አንደኛ ክፍል፤ ነገሩ ምንድን ነው?

ተማሪ ፊደልን የሚለየው መምህሩ ደጋግሞ ሲያሳየው ነው። ይህ ሀ ነው፥ ይህ ለ ነው ሲባል ቈይቶ በኋላ አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ ያነባል። ይህም መሣሪያ በአንድ ወገን ይህን ይመስላል። በኮምፒዩተር ውስጥ እጅግ ብዙ ጽሑፍ፥ ምስል፥ ድምፅ ወይም የቀድሞ መዝገብ ይሰጡታል፤ እርሱም በዚያ ውስጥ የሚደጋገመውን መልክ በስሌት ይይዛል፤ አዲስ ነገር ሲቀርብለትም ካለፈው ጋራ አመሳክሮ ይገምታል። የቡና ቅጠል ምስል አይቶ የታመመ ነው ወይም ጤነኛ ነው ይላል፤ የሰው ድምፅ ሰምቶ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ ብድር የጠየቀውን ሰው መዝገብ አይቶ ይከፍላል ወይም አይከፍልም ይላል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው፥ መሣሪያው የሚሰጠው ግምት ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም። ሁለተኛው፥ ግምቱ የሚወጣው ካለፈው መዝገብ ነውና፥ በመዝገቡ አድልዎ ካለበት መሣሪያው አድልዎን እንደ ሥርዐት አድርጎ ይማረዋል፤ በመዝገቡ ያልተጻፈም ሰው በመሣሪያው ፊት እንደሌለ ይቈጠራል።

ሁለተኛ ክፍል፤ በስም አጻጻፍ የደረሰ ነገር

ይህን የምጽፍላችሁ በቤተ ክህነት ትምህርት አድጌ በጽሕፈት ሥራ የምኖር ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ አንዲት መበለት ማስረጃ እንድጽፍላት መጥታ፥ የአባቷን ስም ኀይሉ ብዬ በብዙኃን ኀ ጻፍሁላት። በሌላ መሥሪያ ቤት የነበረው መዝገብ ግን በሃሌታው ሀ ሀይሉ ይል ነበር። እኔ ፊደሉን በሥርዐቱ ጻፍሁ ብዬ ደስ ሲለኝ፥ እርሷ የሁለት ሰው ወረቀት ይዘሻል ተብላ ሦስት ጊዜ በእግሯ ተመላለሰች። በመጨረሻ ነገሩ የተቃናው አንድ ጸሓፊ ከመዝገቡ ቀና ብሎ፥ «እማማ፥ አባትዎን ማን ብለው ይጠሯቸው ነበር?» ብሎ ስለ ጠየቃት ነው።

መሣሪያ ግን ይህን እንዲያውቅ ካልተደረገ በቀር እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ሀ፥ ሐ፥ ኀ በአማርኛ አነጋገር አንድ ድምፅ ሲሆኑ በኮምፒዩተር ፊት ሦስት ልዩ ልዩ ምልክቶች ናቸው። በአዳማና በአካባቢዋም የአንድ ሰው ስም በአንዱ ወረቀት በግእዝ ፊደል፥ በሌላው በቁቤ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ የአገሩን ልማድ የማያውቅ ሰው የሠራው መሣሪያ አንዱን ሽማግሌ ሁለት ሰው አድርጎ ሊቈጥረው፥ ከዚያም አልፎ አታላይ ነው ብሎ ሊጠረጥረው ይችላል። የእኔ ስሕተት አንዲትን መበለት አንገላታ፤ በመሣሪያ የገባ ስሕተት ግን በአንድ ቀን አገር ሙሉ ያንገላታል።

ሦስተኛ ክፍል፤ የማይታይ ቀላድ

መንግሥት ሕዝብን በመዝገብ መመደቡ አዲስ ነገር አይደለም። ሽማግሎች እንደሚያስታውሱት በቀድሞው ዘመን መሬት በቀላድ ይለካ ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅም መሬት ለም፥ ለም ጠፍ፥ ጠፍ እየተባለ በሦስት ደረጃ ተመድቦ ግብሩ በዚያው ልክ ይከፈል ነበር። ጠፍ የሆነው መሬት ለም ተብሎ ከተጻፈ ገበሬው ከዐቅሙ በላይ ይከፍላል። ያ ሥርዐት በደል አልባ አልነበረም፤ ዛሬም ቀርቷል። ነገር ግን ገመዱ ሲዘረጋ ይታያል፤ ለኪው በመሬቱ ላይ ቆሞ ይታያል፤ ጎረቤትም ቀርቦ ይመሰክራል፤ የተበደለውም ማን እንደ በደለው ያውቃል።

ዛሬ መሣሪያ ሰውን ሲመድብ ግን ቀላዱ አይታይም። የተመደበው ሰው መመደቡን እንኳ ሳያውቅ ብድር ይከለከላል፥ ርዳታ ይቀርበታል፥ ወይም በጥርጣሬ ይያዛል። የመንግሥት መርማሪ የመጀመሪያ ተግባሩ እንግዲህ ይህን የማይታይ ቀላድ ለሕዝብ እንዲታይ ማድረግ ነው።

አራተኛ ክፍል፤ ከሆላንድ የተገኘ ትምህርት

የወንጂ ሽማግሎች ሆላንድ የሚባለውን አገር ያውቁታል፤ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ያቋቋመው የሆላንድ ኩባንያ ነበርና። ሆላንድ ሀብታም፥ መዝገቡም የተደራጀ አገር ነው። እንዲህም ሆኖ በዚህ ነገር ታላቅ በደል ደርሶበታል።

በዚያ አገር መንግሥት ለወላጆች የልጅ ማስጠበቂያ ገንዘብ ይረዳል። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው የግብር መሥሪያ ቤት አታላዮችን ለመለየት ሲል ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለማመልከቻዎች የጥርጣሬ ነጥብ የሚሰጥ መሣሪያ በሥራ ላይ አዋለ። የአገሩ ዜጋ አለመሆን ነጥቡን ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነበር። ፋይሉን የሚመረምረው ጸሓፊ ግን መሣሪያው ለምን ከፍተኛ ነጥብ እንደ ሰጠ አይነገረውም ነበር። እንደ ፊርማ መጓደል በመሰለ ጥቂት ስሕተት ብዙ ወላጆች የተቀበሉትን ገንዘብ ሁሉ መልሱ ተባሉ። ከ20 ሺህ የሚበልጡ ቤተ ሰቦች ተጐዱ፤ በዕዳ የተዘፈቀ፥ ቤቱን ያጣ፥ ትዳሩ የፈረሰበትም ብዙ ነው። የፓርላማው መርማሪዎች በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በደሉን በይፋ ገለጡ፤ በጥር ወርም መንግሥቱ ከሥልጣን ለቀቀ።

ጥፋቱ የመሣሪያው ብቻ አልነበረም። ሕጉም ጥብቅ ነበር፥ አቤቱታም ሰሚ አጥቶ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ጥርጣሬን ዕውቀት አስመስሎ አቀረበ፤ ጸሓፊው በመሣሪያው፥ አለቃውም በሕጉ እያሳበበ፥ ለተበደለው የሚመልስለት ሰው ታጣ። የነገሩ ሥር ይህ ነው። ዳኛ ቢሳሳት ይግባኝ ይባልበታል፤ ሹም ቢበድል ይከሰሳል፤ መሣሪያ ግን ችሎት ፊት አይቆምም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጀርባ በስሙ የሚጠራና የሚጠየቅ ሰው ሊኖር ይገባል።

አምስተኛ ክፍል፤ ጉድለት በምርመራ ይገለጣል

በአዲስ አበባ የተወለደችው የኮምፒዩተር ሊቅ ትምኒት ገብሩ ከባልደረባዋ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋራ ሆና በ2010 ዓ.ም. አንድ ጥናት አወጣች። ሦስት ኩባንያዎች የሚሸጡትን፥ የፊት ምስል አይቶ ወንድ ወይም ሴት ብሎ የሚለይ መሣሪያ መረመሩ። መልካቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ቢበዛ ከ100 0.8 ነበር፤ ጠቈር ያሉ ሴቶች ላይ ግን ከ100 እስከ 34.7 ደረሰ፤ ይኸውም ከሦስት ሴቶች በአንዲቱ ላይ ይሳሳታል ማለት ነው። ጥናቱ ከታተመ በኋላ ኩባንያዎቹ መሣሪያቸውን አሻሻሉ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። በጠቅላላው ሲታይ መልካም የሚመስል መሣሪያ በአንድ ወገን ሕዝብ ላይ ክፉ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በየወገኑ ለይቶ መፈተን ያስፈልጋል። ደግሞም ጉድለቱ በግልጥ ከታወቀ ይታረማል። ዝም ከተባለ ግን አይታረምም።

ስድስተኛ ክፍል፤ በአገራችን የተጀመረው ሥራ

በአገራችን በ2012 ዓ.ም. ለዚህ ጥበብ የሚሆን የመንግሥት ማእከል ተቋቋመ፤ ኋላም የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ተባለ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለዚሁ ነገር ብሔራዊ ፖሊሲ አጸደቀ። በዚያው ዓመት የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ፤ የዚህም ተቈጣጣሪ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በዚህ ዐዋጅ መሠረት ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን መረጃ ለማየትና ስሕተቱን ለማሳረም መብት አለው። ከዚያ በፊት በዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 የዲጂታል መታወቂያ ሥርዐት ተደነገገ፤ ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ የጣት አሻራን፥ የዐይን ብሌንንና የፊት ምስልን መዝግቦ ባለ 12 አኀዝ ቍጥር ይሰጣል። ከአገር ውጭም የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር መመሪያ አውጥቷል፤ የአፍሪካ ኅብረትም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአህጉሩን ስልት ተቀብሏል።

ዐዋጅ ቦይ ነው፤ ውሃውን በቦዩ የሚመራው ግን ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ የተመደበ የመንግሥት አገልጋይ አምስት ተግባር አለበት እንላለን።

1. መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ለምን እንደሚያስፈልግ መጠየቅ፤ ጥቅሙ ካልታወቀ ይቅር ማለት።
2. በአገሩ ሰው መፈተን፤ በኦሮምኛም በአማርኛም በሌላውም ቋንቋ፥ በከተሜውም በገበሬውም። የገበሬ ጣት በእርሻ ሥራ ተፍቆ አሻራው እንደሚደበዝዝ መዘንጋት አይገባም።
3. ውሳኔው ከነምክንያቱና ከወሰነው ሹም ስም ጋራ ባለጉዳዩ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲጻፍ ማድረግ።
4. የመሣሪያውን ግምት ለመሻር ሥልጣን ያለው አቤቱታ ሰሚ ሰው እንዲኖር ማድረግ።
5. ሥራው ከተጀመረ በኋላ ስሕተቱን መቍጠር፥ ጉዳቱ ሲበዛም መሣሪያውን ማስቆም።

ይህ ሥራ ቀላል አይደለም። ዐዋቂውን ሰው ኩባንያዎች በብዙ ደመወዝ ይወስዱታል፤ መሣሪያውም ሕግ ተመክሮበት እስኪወጣ ድረስ መልኩን ይለውጣል። ከሁሉ የሚከብደው ግን መንግሥት ራሱ ገዢም ተጠቃሚም ፈታሽም በሚሆንበት ጊዜ ነው። ባለጉዳይ ለራሱ ዳኛ አይሆንምና፥ መርማሪው ከሚሠራውና ከሚገዛው ክፍል የተለየ ሊሆን፥ ለአለቃውም «ይህ ሕዝብ ይጐዳል» ብሎ በጽሑፍ ለመናገር የሚደፍር ሊሆን ይገባል። ለዚህም የሒሳብ ሊቅ ብቻ አይበቃም። ሕግ የሚያውቅ፥ የአገሩን ቋንቋዎችና የመንደሩን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ከእርሱ ጋራ መቀመጥ አለበት።

መፍራት ብቻ ግን ጥበብ አይደለም። ሐኪም በሌለበት ስፍራ በሽታን ለመለየት የሚረዳ፥ ለማያነብ ሰው ጽሑፍን በቋንቋው የሚያነብ መሣሪያ ታላቅ በረከት ነው። እኛ ባንቀበለውም በስልክ በኩል ወደ መንደር ይገባል፤ ስለዚህ የሚሻለው ዐውቆ መምራት ነው።

ሰባተኛ ክፍል፤ የመምህርና የሽማግሌ ድርሻ

በከተማ የተቀመጠ መርማሪ በመንደር የደረሰውን ጉዳት ካልነገሩት አያውቅም። ስለዚህ መምህር ሆይ፥ ጎረቤትህ «ኮምፒዩተሩ አይቀበልህም» ተብሎ ሲመለስ፥ ቀኑን፥ ጉዳዩንና የተሰጠውን መልስ ጻፍለት፤ እነዚህንም ሦስት ጥያቄዎች እንዲጠይቅ አስተምረው፤ ማን ወሰነ? በምን ምክንያት ወሰነ? አቤት የሚባለውስ ለማን ነው? አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር ተረሳ ይባላል፤ ዐሥር ሰው የደረሰበትን ከነቀኑ ጽፎ ሲያቀርብ ግን ማስረጃ ይሆናል።

ሽማግሎችም ይህን ዕወቁ፤ መሣሪያ የሰውን ድምፅና መልክ አስመስሎ ለመሥራት ይችላል። በስልክ የዘመድ ድምፅ ሰምታችሁ ገንዘብ ላኩ ስትባሉ፥ በምታውቁት ቍጥር መልሳችሁ ደውሉ፥ ዘመዱ ብቻ የሚያውቀውንም ጠይቁ። መሣሪያው የሚጽፈውም መልስ አንደበቱ የተስተካከለ ሆኖ ነገሩ ሐሰት ሊሆን ይችላልና፥ ተማሪዎች ከመጽሐፍና ከሚያውቅ ሰው ጋራ እንዲያመሳክሩት ማስተማር ያስፈልጋል።

የሶደሬ ውሃ በቦይ ሲመራ ሕመምተኛው ተስፋ የሚያደርግበት ይሆናል፤ ካልተመራ ያቃጥላል። ይህም አዲስ ኀይል እንዲሁ ነው። ቦዩን መቈፈር የመንግሥት ሥራ ነው፤ ቦዩ የት እንደ ፈረሰ አይቶ መናገር ግን በዳሩ የሚኖረው ሰው ድርሻ ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. የመሣሪያ ግምት ከሰው ምስክርነት በምን ይለያል?
2. ቀላድ የሚታይ፥ የመሣሪያ ምደባ ግን የማይታይ የሆነው ለምንድን ነው?
3. በሆላንድ የተበደሉት ወላጆች የሚመልስላቸው ሰው ያጡት እንዴት ነው?
4. በቤተ ሰባችሁ ወረቀቶች ላይ የአንድ ሰው ስም በስንት ዐይነት ተጽፎ ይገኛል? ሰብስባችሁ ጻፉ።
5. ውሳኔ የተሰጠበት ሰው ሊጠይቃቸው የሚገቡት ሦስት ጥያቄዎች ምን ምን ናቸው?